የውኃ ልክ

የቤተሰብ ዓምድ



በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ቤት ቁጠባና ስለ መልካም ጉርብትና ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ፊዚክስ ነው። «ፊዚክስ ለተማሪ እንጂ ለጓዳ ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም እስከ ባለፈው በጋ ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበርና። በዚያ በጋ ግን አንድ ንጹሕ ሰው ልንበድል ጥቂት ቀርቶን ነበር። ከበደሉ ያዳነን አንድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦና አንዲት አስተዋይ እናት ናቸው። ነገሩ ለሁላችንም ስለሚጠቅም ስሕተታችንን ሳንደብቅ እናወጋችኋለን።

እንደምታውቁት ሞያሌ ውኃ የሚወደድባት ከተማ ናት። ድንበር ለሁለት ከፍሏታል፤ ወዲህ የኢትዮጵያ ሞያሌ፣ ወዲያ ደግሞ በኬንያ የማርሳቢት ካውንቲ ሞያሌ። በበጋ ማለዳ ግን በሁለቱም ወገን የሚታየው አንድ ነው፤ ቢጫ ጀሪካን፣ አህያና ተራ የሚጠብቁ እናቶች።

እኛ በነበርንበት ካምፕ የቤተሰብ ቤቶች በተዳፋት ላይ በሁለት ረድፍ ተሠርተዋል። የውኃ ማጠራቀሚያው ከላይኛው ረድፍ ጥግ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል ተቀምጧል። ከብረት የተሠራ ሆኖ ወርዱና ቁመቱ 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው፤ ሲሞላ 5,000 ሊትር ይይዛል። ቦቴ እየመጣ ይሞላዋል፤ በዕድሜ የገፉ አንድ የውኃ ዘበኛ ደግሞ በየማለዳው መዝጊያውን ይከፍታሉ፤ በሰዓቱም ይዘጋሉ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ታንከሩ በአጠገባቸው የቆመው የላይኛው ረድፍ ቤተሰቦች ውኃ አያገኙም፤ በሩቅ ያሉት የታችኞቹ ግን ጀሪካናቸውን ሞልተው ለልብስ ይተርፋቸዋል። ከላይ ቧንቧ ሲከፈት ጥቂት ይፈስና ይቀጥናል፤ ከዚያም ፉጨት ብቻ ይሆናል። «ታንከሩ ጥላውን በደጃችን እየጣለ እንዴት እኛ እንጠማለን?» የሚለው ጥያቄ ከቤት ወደ ቤት ዞረ። መልሱም በቶሎ ተገኘ። የውኃ ዘበኛው የእኅት ልጅ ከታችኛው ረድፍ ለአንድ ወታደር ተድራለች። «ለዘመድ ያደላሉ» ተባለ። ቡና መጠራራት ቀረ፤ ዕቁቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ልጆች እንኳን ተለይተው መጫወት ጀመሩ። ባሎቻቸው በአንድ ምሽግ ጎን ለጎን የሚያድሩ ሴቶች በአንድ መንገድ ሲያልፉ ሰላምታ ተነፋፈጉ።

እኛም ስብሰባ ጠራን። የሁለቱንም ወገን አቤቱታ ሰማን፤ ከዚያም ቆመን ሁለት ነገር ቃል ገባን። አንደኛ፣ ከነባሩ ጎን ልኩን የመሰለ ሌላ ታንከር እንዲተከል እናደርጋለን አልን። ሁለተኛ፣ የውኃ ዘበኛው ሲከፍቱና ሲዘጉ የሚቆጣጠር ሰው እንመድባለን፤ ጥፋት ከተገኘም እርምጃ ይወሰዳል አልን። ተጨበጨበልን። አዛውንቱ ከኋላ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ ያዞሩ ነበር እንጂ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ጭብጨባው ሲበርድ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ተነሡ። እርሳቸው ራሳቸው ውኃ ካጡት ከላይኛው ረድፍ ናቸው።

«መቶ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ግንበኛ ነበሩ። ሳይለኩ ድንጋይ አያነሡም ነበር። ሰውዬውን ከመክሰሳችን በፊት ነገሩን በውኃ ልክ ብንለካውስ?»

«እትዬ፣ ምኑን ነው የምንለካው?» ብለን ጠየቅን።

«ከፍታውን ነዋ! የእነርሱ ቧንቧና የእኛ ቧንቧ ከታንከሩ ውኃ ምን ያህል ዝቅ እንደሚሉ እንወቅ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። በማግሥቱ እሑድ ስለነበር የግንበኛ ቱቦ ተገኘ። ይህ ቱቦ ውስጡ የሚታይ ረጅም ላስቲክ ነው። ውኃ ይሞላበትና አረፋ እንዳይቀርበት ተደርጎ ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ይያዛሉ። አንዱ ጫፍ እዚህ፣ ሌላው ሃያ ሜትር ርቆ ቢሆንም፣ መካከሉ ጎድጓዳ ቢያልፍም ቢጠማዘዝም፣ ውኃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። የረጋ ውኃ አይዋሽም። ሰዎች «ልኩ» ለሚሉት ነገር ሁሉ «ውኃ ልክ» የሚለውን ስም ያዋሱት በከንቱ አይደለም።

ምልክት በተደረገበት ዘንግ ደረጃ በደረጃ እየለካን ወረድን። ውጤቱ ይህ ነው። ታንከሩ ሲሞላ የውኃው ወለል ከታችኛው ረድፍ ቧንቧዎች 6 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከላይኛው ረድፍ ቧንቧዎች ግን ከፍታው 1 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። እትዬ ቱቦውን እየጠቀለሉ «እንግዲህ ጥፋተኛው ተዳፋቱ ነው» አሉ። እኛ በጦር ትምህርት ቤት ስለ ፈሳሽ ግፊት ተምረን፣ ተፈትነንም ያለፍን ነን። ያን ዕለት ግን የተማርነውን በወረቀት ላይ ትተን እንደመጣን ገባን።

እንግዲህ ግፊት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ግፊትንና ክብደትን አንድ አድርገን እናያለን። አንድ አይደሉም። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በቀጭን ገመድ አዝላችሁ ታውቃላችሁ። ገመዱ ትከሻ ይቆርጣል። በገመዱ ፋንታ ስድስት እጥፍ የሚሰፋ የታጠፈ ነጠላ ብታደርጉ ሸክሙ ያው ሃያ ኪሎ ነው፤ ሕመሙ ግን ይቀላል። ክብደቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክብደቱ ያረፈበት ስፋት ነው። ኃይሉ ለስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ንጽጽር ግፊት ይባላል። ስፋቱ ስድስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። ሹፌሮቻችን አሸዋ ላይ ሲደርሱ የጎማ ነፋስ የሚቀንሱት፣ ግመልም በሰፊ ኮቴዋ አሸዋውን ሳትሰምጥ የምታልፈው በዚሁ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ። ወርዱና ቁመቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ከፍታውም 1 ሜትር የሆነ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የመሬት ስበት መስክ እያንዳንዱን ኪሎ በ9.8 ኒውተን ወደ ታች ይስባል። ስለዚህ በዚያ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል 9,800 ኒውተን፣ ግፊቱም 9,800 ፓስካል ነው። መለኪያው ስሙን ያገኘው ከ1623 እስከ 1662 እ.ኤ.አ. ከኖረው ፈረንሳዊ ሊቅ ከብሌዝ ፓስካል ነው። ታዲያ የውኃውን ስፋት እጥፍ ብናደርገውስ? ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ የሚያርፍበትም ስፋት እጥፍ ይሆናል፤ ንጽጽሩ ግን ያው ይቀራል። ከፍታውን እጥፍ ብናደርገው ግን ክብደቱ ሲያድግ ስፋቱ ባለበት ይቆያል፤ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም የረጋ ውኃ ግፊት ብዛቱን አይመለከትም፤ የሚመለከተው ከፍታውን ብቻ ነው።

በዚህ ስሌት የታችኛው ረድፍ 58,800 ፓስካል ሲያገኝ የላይኛው ረድፍ የሚያገኘው 14,700 ፓስካል ነው። አራት ለአንድ ማለት ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ሰው ሁሉ ሲቀዳ ታንከሩ 1 ሜትር ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ለታችኞቹ 5 ሜትር ይቀራቸዋል፤ ለላይኞቹ ግን ግማሽ ሜትር። ንጽጽሩ ከአራት ለአንድ ወደ ዐሥር ለአንድ ዘለለ! ከሁለቱም የተቀነሰው እኩል 1 ሜትር ነው፤ ጥቂት ያለውን ግን ይበልጥ ጎዳው። በዚያ ላይ ይህ ሁሉ ውኃው በረጋበት ጊዜ ያለው ስሌት ነው። ውኃው መፍሰስ ሲጀምር በቧንቧው ውስጥ እየታሸ ከግፊቱ ያጣል። ከታች ሁሉም ቧንቧ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ለላይኞቹ የምትተርፈው ያቺ ፉጨት ነበረች። ዘበኛው መዝጊያውን የሚከፍቱት ለሁሉም እኩል ነበር። ስበቱም ለሁሉም እኩል ነው፤ ለዘመድ አያደላም። እኩል ያልነበረው ከፍታው ነው።

እኛ ቃል የገባነው ሁለተኛ ታንከርስ? ከጎን ቢተከል ውኃው ቶሎ እንዳያልቅ ይረዳ ነበር፤ ነገር ግን ከላይኛው ረድፍ ቧንቧ በላይ ያለው ከፍታ ከ1 ሜትር ተኩል አንዲት ጣት አይጨምርም ነበር። የተጨበጨበልን ለከንቱ ነበር።

በስብሰባው ላይ አንድ ወጣት ወታደር ሌላ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። «ከካምፑ ሥር ከ20 ሜትር የሚጠልቅ አሮጌ ጉድጓድ አለ፤ ከላይ ሞተር ተክለን በቱቦ ብንስበውስ?» ነበር ያለው። ይህም መልስ ይገባዋል። ፓምፕ ውኃን «ይስባል» ስንል እንሳሳታለን። ፓምፑ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነው፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከውጭ ያለው የአየር ክብደት ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1644 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ የሰው ልጅ በአየር ባሕር ወለል ላይ እንደሚኖር አስረድቷል። በ1648 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎረን ፔሪዬን ፑይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ ሜርኩሪ የተሞላ የመስተዋት ቱቦ አስይዞ ላከው። በተራራው ጫፍ ላይ የሜርኩሪው ቁመት ከግርጌው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ አንሶ ተገኘ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላያችን የሚቀረው አየር ይቀንሳልና።

በባሕር ወለል ላይ አየር ውኃን ገፍቶ ሊያቆም የሚችለው እስከ 10 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ በምትገኘው በሞያሌ ይህ ወደ 9 ሜትር ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ ከ8 ሜትርም ያንሳል። ድንበሩን ተሻግረን በወዲያኛው ሞያሌ ብንለካም ልኩ አንድ ዓይነት ነው፤ አየር ኬላ አያውቅም። ስለዚህ በመሬት ላይ የተተከለ ሞተር ምንም ብርቱ ቢሆን ከ20 ሜትር ጉድጓድ ውኃ ስቦ አያወጣም። ወይ ፓምፑ ራሱ ወደ ውኃው ወርዶ ከሥር መግፋት አለበት፤ አለዚያም ሰው ወርዶ መቅዳት አለበት።

ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ በዱብሉቅ ያለፈ ሁሉ የዚህን ምስክር አይቷል። የቦረና ሕዝብ «ቱላ» የሚላቸው ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉት፤ ዋነኞቹ «ዘጠኙ ቱላዎች» ተብለው ይታወቃሉ። ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር የሚደርስ አለ። ወጣቶች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በተሠሩት እርከኖች ከሥር እስከ አፍ ተደራርበው ይቆማሉ፤ እየዘፈኑም የተሞላውን ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ያሳልፋሉ፤ ባዶውን ይመልሳሉ። ዜማው ድካም ማስረሻ ብቻ አይደለም፤ እጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲነሡ ልክ ያስይዛል። አየር ሊገፋው ከሚችለው ከሦስት እጥፍ በላይ የሚጠልቀውን ውኃ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያወጣ የኖረው ይህ ኅብረት ነው። ከመካከል አንድ እጅ ቢያኮርፍ ከላይ ያሉት ከብቶች ሁሉ ይጠማሉ።

ከደጋ የተዛወራችሁ እናቶች «እዚህ ባቄላው ቶሎ ይበስላል» ስትሉ ሰምተናል። እውነታችሁን ነው። የአየሩ ግፊት በሞያሌ ከአዲስ አበባ ይበልጣል፤ ስለዚህ ውኃው ለመፍላት ይበልጥ መጋል አለበት። በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ በሞያሌ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የፈላው ውኃ የሚበልጠው ሙቀት ባቄላውን ፈጥኖ ያበስለዋል። ወደ ደጋ የምትመለሱ ደግሞ ለንፍሮው ጊዜ ጨምሩለት፤ ድስቱን በደንብ መክደንም ማገዶ ይቆጥባል።

ወደ ካምፓችን እንመለስና የተገኘውን መፍትሔ እንንገራችሁ። አዲስ ታንከር መግዛቱ ቀርቶ ነባሩ በብረት እግሮች 3 ሜትር ከፍ እንዲል ተወሰነ። 3 ሜትሩ ለሁለቱም ረድፍ እኩል ይጨመራል። ለታችኞቹ 6 የነበረው 9 ይሆናል፤ ለላይኞቹ 1 ተኩል የነበረው 4 ተኩል ይሆናል። አራት ለአንድ የነበረው ሁለት ለአንድ ሆነ ማለት ነው። ታንከሩ 1 ሜትር ሲጎድል እንኳን 8 ለ3 ተኩል ይሆናል እንጂ እንደ ቀድሞው ዐሥር ለአንድ አይደርስም። ከማንም ሳይወሰድ ለሁለቱም እኩል ቢጨመር ልዩነቱ ይጠብባል። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ስናሳይ የታችኛው ረድፍ እናቶች ከሁሉ ቀድመው «እንስማማለን» አሉ፤ የእነርሱም ውኃ ይበረታልና።

በሥራው ላይ ልናጠፋ የነበረው ሌላ ጥፋት ነበር። ቶሎ እንዲያልቅ ብለን አራቱን የብረት እግሮች በቀጥታ መሬት ላይ ልናቆማቸው ነበር። እትዬ አሁንም «መሠረቱስ?» አሉ። አሰላነው። የ5,000 ሊትሩ ውኃ ብቻ 49,000 ኒውተን ይጫናል። ነባሩ ታንከር በ4 ካሬ ሜትር ወለሉ ሙሉ ስላረፈ ግፊቱ 12,250 ፓስካል ነበር። የእያንዳንዱ እግር መርገጫ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የአራቱ ስፋት ተደምሮ 0.04 ካሬ ሜትር ነው፤ ግፊቱ 1,225,000 ፓስካል፣ ማለትም መቶ እጥፍ ይሆናል። በዚህ አገር ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሲወርድ መሬቱ ይለሰልሳል። አንዱ እግር ቢሰምጥ አምስት ሺህ ኪሎው ይጋደማል፤ ከሥሩ በጥላው የሚጫወቱት ደግሞ የሁለቱም ረድፍ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ እግር ሥር 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የኮንክሪት መሠረት ተጣለ። የኮንክሪቱ የራሱ ክብደት ቢጨመርም የውኃው ሸክም እንደገና በ4 ካሬ ሜትር ላይ ተዘረጋ። ገመዱን በነጠላ እንደመተካት ያለ ሥራ ነው።

ድንጋይና ጠጠር የሁለቱም ረድፍ ሰዎች አጋዙ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በተራ መቅዳት ተጀመረ፤ የላይኞቹ ታንከሩ ሙሉ ሳለ በመጀመሪያው ሰዓት፣ የታችኞቹ ከዚያ በኋላ። ታንከሩ ከፍ ካለ በኋላ ከላይ በተከፈተው ቧንቧ የመጀመሪያው ጀሪካን ሲሞላ ቡና ተፈላ፤ የተጠሩትም የታችኞቹ ነበሩ።

አንድ ዕዳ ግን ቀርቶን ነበር። በስብሰባ የተነገረ ነቀፋ በጓዳ ይቅርታ አይሰረዝም። ስለዚህ ያንኑ ስብሰባ እንደገና ጠርተን በሁሉ ፊት ቆምንና «ጋሼ፣ ሳንለካ ፈርደንብዎታል፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔ መዝጊያውን እከፍታለሁ እንጂ ውኃውን አላዘውም። ይህን የዚያን ዕለት ብናገር ማን ያምነኝ ነበር?»

መልስ አልነበረንም። ለዚህም ነው ዛሬ በጽሑፍ የምንመልሰው።

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ነገሩን በዓይናችሁ ማየት ብትሹ በዚህ እሑድ ከልጆቻችሁ ጋር ይህን አድርጉ። ባዶ የላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ውሰዱ፤ በጎኑ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች በጋለ ሚስማር ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብሱ፤ ብረቱ ስለሚያቃጥል ይህን አባት ወይም እናት ይሥሩት። ጠርሙሱን በሰፊ ገበቴ ውስጥ በተገለበጠ ጣሳ ላይ አቁሙትና ቀዳዳዎቹን በጣት ደፍናችሁ ሙሉት። ጣታችሁን ስታነሡ ከታችኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውኃ ከሁሉ በርትቶ፣ የላይኛው ደክሞ ሲወጣ ታያላችሁ። ጠርሙሱ አንድ ነው፤ ውኃው አንድ ነው፤ የሞላችሁትም እጅ አንድ ነው። ልጆቹን «የላይኛውን ቀዳዳ የበደለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱን ራሳቸው እስኪያገኙት ድረስም ታገሡ። በገበቴው የተጠራቀመውን ውኃ አትድፉት፤ ለእግር መታጠቢያ ይሆናል።